አወቃቀጡን ማን ጻፈው?

ኮሶ የታየው ሰው ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው። ገና ስላይዱን ሳላዘጋጅ "ኮሶ ታይቶኛል" ይለኛል። ነጭና ጠፍጣፋ፣ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ቁራጭ ልብሱ ላይ አይቷል። እኔ በማይክሮስኮፕ እንቁላሉን ባጣውም እሱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ጃርዲያን፣ አሜባን፣ ወስፋትን፣ መንጠቆ ትልን ለሰው የምነግረው እኔ ነኝ። ኮሶን ግን ሰዉ ነው ለእኔ የሚነግረኝ።

ሰገራ በመመርመር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በአንድ የደጋ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ በኋላ አዲስ አበባ። ከዚህ ሥራ አንድ ልማድ ይዤ ቀርቻለሁ። ናሙናውን ስቀበል "ከመምጣትዎ በፊት ምን ወስደው ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። የምርመራ ወረቀቱ ይህን አይጠይቅም፤ መልሱን የምጽፍበት ቦታም የለውም። ሰው ግን ከጠየቁት ይናገራል። እንቆቆ የበላ አለ። መተሬ የጠጣ አለ። የዱባ ፍሬ ሞክሮ ያልሆነለት አለ። ዛሬም ኮሶ የሚጠጣ አለ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጡ።

"አባባ፣ ምን ወስደው ነበር?"

"ኮሶ ነዋ፣ ልጄ።"

"ታዲያ አልወጣልዎትም?"

"ኮሶው መች ኮሶ ሆነና! የአምና ነው፣ ምናልባትም የካቻምና። ወንዴውን ከሴቴው ደባልቀው ነው የሸጡልኝ። ደግሞ የወቀጠችው ልጅ አታውቅበትም።"

እኚህ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን አንድ የፋርማሲ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው የሚያስተምረው። ጥሬ ዕቃው ትኩስ መሆን አለበት። ትክክለኛው የተክሉ ክፍል መሆን አለበት። አዘገጃጀቱ መታወቅ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በብርጭቆው ውስጥ ያለው መራራ ውሃ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ስለ ዕፅዋት መድኃኒት ስናወራ ስለ ቅጠሉ ብቻ ነው የምናወራው። የቅጠሉን ስም፣ የሚያድነውን በሽታ፣ የሚበቅልበትን አገር እንዘረዝራለን። እንዴት እንደሚወቀጥ፣ በምን እንደሚዘፈዘፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ለማን እንደማይሰጥ ግን ማንም አይጽፈውም። እኔ እንደማምነው መድኃኒቱ ግማሹ ያለው እዚያ ነው። ሦስት ተክሎችን ይዤ ላስረዳ። ሁለቱ የእኛው ናቸው፤ አንዱ የቻይና። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከኮሶ ልጀምር። ኮሶ ከ2000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው። በቤተሰብ ደረጃ የጽጌረዳ ዘመድ ነው። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ አበባ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የሚንጠለጠለው። አዛውንቱ የተናደዱት በዚህ ነው። የወንዴው አበባ መልኩም ኃይሉም ሌላ ነው።

ዛፉ የሚፈለገው ከላም ሥጋ በሚመጣ የኮሶ ትል ምክንያት ነው። ትሉ ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ራሱ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በዚያች ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ለዓመታት ይኖራል። ከጭራው በኩል እንቁላል የሞሉ ቁርጥራጮች እየተቆረጡ ይወጣሉ። ከብት እንቁላሉ ያለበትን ሣር ይግጣል። እጩ ትሉ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ይቀመጣል። እኛ ያንን ሥጋ ጥሬውን ስንበላ ዙሩ ይዘጋል። ሚጥሚጣ አይገድለውም። አዋዜ አይገድለውም። አረቄም አይገድለውም። ይህን በየበዓሉ ማግስት እናገራለሁ፤ መናገሬን አላቆምም። ሥጋው ውስጡ ድረስ ሲበስል ወይም ለብዙ ቀን በደንብ በረዶ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው የሚሞተው።

ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶ መጠጣት የኑሮ ሥርዓት ነበር። ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። ማታ ቀለል ያለ ነገር ይበላል። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፣ ከውሃ ይቀላቀላል፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ከነአተላው ይጨለጣል። ትሉ እስኪወጣ ምግብ የለም። በእኛ ቤት አያቴ ሎሚ በእጃችን ታስይዘን ነበር፣ እንዳንተፋው እንድናሸት። የኮሶ ቀን የዕረፍት ቀን ነው። ጌታም ሎሌም ቤቱ ይውላል፤ "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ ማንም አይጠራውም።

ይህን ያህል የሚፈለገውን ነገር የሚሸጡት ሴቶች ግን ክብር አልነበራቸውም። አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ ጠላቶቻቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ዘመተ ይባላል። ድሉ ግን የካሣ ሆነ። ካሣም "እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም" ብለው ለወንድይራድ ኮሶ አቀረቡለት፤ እስኪበቃው ወሰደ። ታሪኩን ስንተርከው የምናደንቀው የካሣን ብልሃት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። መኳንንቱን በየሁለት ወሩ ከትላቸው የሚገላግላቸውን ዕቃ የምታቀርብ ሴት ስሟ ስድብ ሆነ። የምታውቀውን ማን ይጠይቃታል? ማንስ ይጽፍላታል?

ፈረንሳይ ውስጥ በ1775 የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ማዳም ኑፌር የምትባል ስዊዘርላንዳዊት መበለት ለኮሶ ትል የምትሰጠው ምስጢራዊ መድኃኒት ነበራት። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ምስጢሩን በብዙ ገንዘብ ገዙና ለሕዝብ እንዲታተም አደረጉ። መድኃኒቱ ፈርን የሚባለው ተክል ሥር ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ ጋር አብሮ የታተመው አወሳሰዱ ነው፦ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን በኋላ። የኛዋ ኮሶ ሻጭ ከዚህ ያነሰ አታውቅም ነበር ብዬ አላምንም።

ነገሩን ይበልጥ የሚገርም የሚያደርገው ኬሚስትሪው ነው። በፈርኑ ሥር ውስጥ ያለው ትል አውጪ ንጥረ ነገርና በኮሶ አበባ ውስጥ ያሉት ኮሲንና ኮሶቶክሲን የሚባሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሁለቱም ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል መሠረት የተሠሩ ናቸው። ስዊዘርላንድ ያለች መበለትና ጎንደር ገበያ ያለች ሴት፣ አንዷ ከሥር አንዷ ከአበባ፣ ተመሳሳይ ኬሚካል ላይ ደርሰው ነበር። ሁለቱም በጤፍ ሜዳ ወይም በጫካ እየዞሩ አልነበረም ያገኙት፤ ሰው ጠጥቶ ሲድንና ሳይድን በማየት ነው።

ጄምስ ብሩስ በ1769 ኢትዮጵያ ገብቶ ኮሶን አየ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ሥሎ አወጣው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው ወደ አውሮፓ ተጫነ፣ በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብም ገባ። እዚያ ግን ብዙ ጊዜ አልሠራም። ምክንያቱ አዛውንቱ የነገሩኝ ነው። ወራት በመርከብና በመጋዘን የቆየ ኮሶ ኃይሉ ይወርዳል። አውሮፓውያን አበባውን ገዙ፤ "የአምና ኮሶ ኮሶ አይደለም" የሚለውን ግን የሚነግራቸው አልነበረም።

አሁን ደግሞ የኮሶን ክፉ ጎን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሐኪም ቤት የምሠራ ሰው አይደለሁም። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ መርዝ ነው። ያስመልሳል፣ አቅም ያሳጣል፣ የዓይን ነርቭ ይጎዳል። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎችን መዝግበዋል። የፈርኑ ሥርም በአውሮፓ ያንኑ አድርጓል፤ ቤተሰባቸው አንድ ነው ብዬ የለ? ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ መጠጣት የለባትም፤ አያቴም ይህን ታውቅ ነበር። ሌላም ችግር አለ። ኮሶ ትሉን አድክሞ ያወጣዋል እንጂ ራሱን ሁልጊዜ አያወጣውም። ራሱ ከቀረ ትሉ በሁለትና በሦስት ወር እንደገና ያድጋል። በየሁለት ወሩ የመጠጣቱ ሥርዓት በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ በከፊል ደግሞ ሰዉ ጥሬ ሥጋውን ስለማይተው።

የጎደለው መለኪያ ነበር። አንዱ አበባ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚበረታ በዓይን አይታይም። እጅ ትኩሱን ከአሮጌው፣ ሴቴውን ከወንዴው ይለያል፤ ሚሊ ግራም ግን አይመዝንም። ለወባ ይሰጥ የነበረው ሲንኮና የሚባል ዛፍ ቅርፊት ታሪክ የተለወጠው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ፋርማሲስቶች ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ከቅርፊቱ ለይተው አወጡ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ለወባ በሽተኛ የሚሰጠው የማይታወቅ ቅርፊት ሳይሆን የተመዘነ ዱቄት ሆነ። ለኮሶ ይህን ያደረገለት ሰው በጊዜው አልተገኘም። ኬሚስቶች የኮሶን ንጥረ ነገሮች ፈትተው ሲጨርሱ ፋብሪካ የሠራው ዮሜዛን የሚባል የኮሶ ትል መድኃኒት ገበያውን ይዞት ነበር። ዮሜዛንን አስታውሱት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ወደ እንዶድ ልሂድ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ታሪክ ይህ ነው።

በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ሳይንቲስት ቢልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ቢልሃርዚያ ከእኔ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ የማይረሳ ነው፤ እንቁላሉ በጎኑ ላይ እሾህ አለው። ትሉ የሚኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ይራባል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ መስኖ የሚሠራ ገበሬ ሁሉ ይያዛል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን በሽታው መንገድ የለውም።

አክሊሉ ወንዙ ዳር ሆነው አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተኝተዋል። ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ። በባልዲ ውስጥ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው፣ አንዷን ሴት ከእንዶዱ አረፋ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ወንዝ አልፈዋል፤ የቆመው እሳቸው ናቸው። የቆሙትም ሴቶቹን ስላዩ ነው።

ከዚህ በኋላ በላቦራቶሪ የተገኘው ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። ፍሬው ሳይነካ እያለ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል ስኳር ተንጠልጥሎበታል፤ እንዲህ ሆኖ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው በውሃ ውስጥ ሲደቆስ ግን የፍሬው የራሱ ኤንዛይም በአንድ በኩል ያለውን ስኳር ይቆርጠዋል። ያኔ ገዳይ ይሆናል። በአልኮል ብታወጡት ኤንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፣ የምታገኙትም ደካማውን ነው። አንድ ኬሚስት በዘልማድ ቢሄድ አልኮል ነው የሚመርጠው። የአድዋ ሴቶች ግን ፍሬውን ደቁሰው በቀዝቃዛ ውሃ ነበር የሚያሹት። ትክክለኛውን ኬሚስትሪ በየሳምንቱ በእጃቸው ይሠሩት ነበር። ነጠላ ለማንጣት ብለው ይሁን እንጂ፣ ሠርተውታል።

ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር በኋላ በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተለይቶ ወጣና በአክሊሉ ስም ሌማቶክሲን ተባለ። አድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት የከተማዋ ውሃዎች በእንዶድ ታከሙ። በትንንሽ ልጆች ላይ የቢልሃርዚያ መጠን ከመቶ 50 ገደማ ወደ 7 ገደማ ወረደ። ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከመላ አገሪቱ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚበረታ ለዩ። "ዓይነት 44" የሚባለው ዝርያ ከዚያ ነው የወጣው። ሁለቱም በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

አሁን ዮሜዛንን አስታውሱ። ዮሜዛን ውስጥ ያለው ኒክሎሳማይድ ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ይህንኑ ኒክሎሳማይድ ባይሉሳይድ በሚል ስም ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይሸጠው ነበር። አንድ ሞለኪውል ከሰው ሆድ ኮሶን አስለቀቀ፣ ከወንዝ ዳር ደግሞ ከእንዶድ ጋር ተፎካከረ። ኩባንያውን አልከስም፤ ኒክሎሳማይድ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እኔም የታዘዘላቸው ሰዎች ሲድኑ አይቻለሁ። ግን ለድሃ ወረዳ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ኬሚካልና በአጥር ጥግ የሚበቅል ቁጥቋጦ አንድ አይደሉም።

እንዶድ ለምን ዓለም አቀፍ አልሆነም? የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ለጋሾች በምዕራብ ላቦራቶሪ የተሠራ የደኅንነት ምርመራ ጠየቁ። አዲስ አበባ የተሠራው አልበቃቸውም። ምርመራው በካናዳ ድጋፍ እስኪሠራ ዓመታት አለፉ። በዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር። ምርመራው መጠየቁ ትክክል ነበር። እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጽንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው የሞቱ ሴቶች አሉ። ስህተቱ ጥያቄው ላይ አይደለም። ስህተቱ "ከእናንተ ላቦራቶሪ የመጣ ውጤት አናምንም" የሚለው ላይ ነው። ላቦራቶሪው የጎደለው ነገር ካለ ያንን መሙላት ይቻል ነበር፤ ውጤቱን ከመጣል ይልቅ። አክሊሉ በ1997 እስኪያርፉ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ከመናገር አልተቆጠቡም። በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1990ዎቹም እንዶድ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍን ዚብራ የሚባል ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ እንደሚገድል ታወቀና አሜሪካ ውስጥ ፓተንት፣ ማለትም የባለቤትነት መብት፣ ወጣበት። ከአድዋ ወንዝ ዳር ለነበሩት ሴቶች ከዚያ ምን ደረሳቸው የሚለው ክርክር እስካሁን ይነሳል። መልሱ ከባድ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ተክል የቻይናው ነው፤ የዓለምን የወባ ሕክምና የለወጠው። በ1967 በቬትናም ጦርነት ጊዜ ቻይና ምስጢራዊ የወባ ምርምር ጀመረች፤ ፕሮጀክት 523 ተባለ። ቱ ዮዮ የሚባሉ ሳይንቲስት ጥንታዊ የመድኃኒት መጻሕፍትን ሰብስበው ብዙ ተክል ፈተሹ። ቺንሃዎ የሚባለው የአርቲሚሲያ ዝርያ መጀመሪያ ጥሩ ውጤት ሰጠ፣ ከዚያ ጠፋ። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። እኔ ይህን ሳነብ "ኮሶው መች ኮሶ ሆነና" ያሉኝ ሰውዬ ትዝ ይሉኛል።

መልሱ የተገኘው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገ ሆንግ የሚባል ቻይናዊ ሐኪም የጻፈው አዘገጃጀት ውስጥ ነው። እሱ ቅጠሉን አፍሉት አላለም። በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅ ነው ያለው። ቱ ዮዮ ከዚህ ተነሥተው አሰቡ፤ ሙቀቱ ይሆን መድኃኒቱን የሚያጠፋው? ዝቅ ባለ ሙቀት በሚተን፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ማውጣት ጀመሩ። በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የሆነው ናሙና በአይጦች ላይ ያለውን የወባ ተሕዋስ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ቱ ዮዮና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ወስደው ሞከሩት። አርቲሚሲኒን ተወለደ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አዳኙ ነገር የቅጠሉ ስም አልነበረም፤ ስሙን ሁሉም ያውቁት ነበር። አዳኙ ከ1600 ዓመት በፊት አንድ ሰው "አትቀቅሉት፣ ጨምቁት" የሚለውን መጻፉ ነው። በአርቲሚሲኒን ሞለኪውል ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖች የተያያዙበት ድልድይ አለ። የወባ ተሕዋስ ደማችንን ሲፈጭ ብረት ይለቀቃል፤ ብረቱ ያንን ድልድይ ይሰብረዋል፣ ስብራቱ ተሕዋሱን ይገድላል። ቱ ዮዮ የጠረጠሩት ሲፈላ ይህ መድኃኒት እንደሚበላሽ ነው። ገ ሆንግ ስለ ኦክስጅን ምንም አያውቅም። አዘገጃጀቱን ግን አልዘለለውም።

በዚሁ ምክንያት ዛሬ በየቦታው የሚሸጠው የአርቲሚሲያ ሻይ ያስፈራኛል። ሻይ ውስጥ ያለው መጠን ከቅጠል ቅጠል፣ ከስኒ ስኒ ይለያያል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ተሕዋሱ ግን ተርፎ ይቀራል፣ ከመድኃኒቱም ጋር ይለማመዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአርቲሚሲያ ቅጠልን ለወባ ሕክምና አይደግፍም፤ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለሚባለው ከባድ የወባ ዓይነት የምትሰጠው ኮአርተም የሚባል መድኃኒት ውስጥ ያለው አርቲሜተር የዚህ ተክል ልጅ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ለአርቲሚሲኒን ከፊል መላመድ የሚሰጥ R622I የተባለ የጂን ለውጥ ያላቸው ተሕዋሶች ተገኝተዋል። ያለን መድኃኒት ይህ ነው። በስኒ ልናባክነው አይገባም።

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። በአገራችን ስለ ባህል መድኃኒት የሚታተሙ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ሳነባቸው ሠንጠረዡ ላይ እቆማለሁ። የተክሉ ስም፣ የሳይንስ ስሙ፣ ክፍሉ፣ በሽታው፣ ከዚያም "ቅጠሉ ተደቁሶ በውሃ ይጠጣል"። በቃ። ስንት ቅጠል? ትኩስ ወይስ ደረቅ? በቀዝቃዛ ወይስ በሙቅ? በድንጋይ ወይስ በሙቀጫ? ወዲያው ነው ወይስ አድሮ? እንዶድን በአልኮል ያወጣ ሰው "አይሠራም" ብሎ ሊዘጋው ይችል ነበር። ቺንሃዎን ያፈላ ሰውም እንዲሁ። ስንት ተክል በዚህ መንገድ "አይሠራም" ተብሎ መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ይሆን?

በሌላ በኩል በቴሌግራምና በቲክቶክ ዱቄት የሚሸጡት አሉ። "ከተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም" ይላሉ። ኮሶም ከተፈጥሮ ነው። ዓይን ያጠፋል። እነዚህ ሰዎች የአያቶቻችንን እውቀት ይዘናል ይላሉ፣ ነገር ግን አያቶቻችን የሚጠነቀቁትን ጥንቃቄ አውጥተው ጥለውታል። ለማን እንደማይሰጥ አይናገሩም። መቼ ማቆም እንደሚገባ አይናገሩም። ይህ እውቀት ማክበር አይደለም።

ኮሶ የታየው ሰው ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንተል በአንድ ጊዜ ወስዶ ይገላገላል። የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለራሴ ቤተሰብም ይህንኑ ነው የማደርገው። ቢልሃርዚያም በፕራዚኳንተል ይታከማል፤ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች ይታደላል። ልጁ ግን ነገ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ቀንድ አውጣውም እዚያው አለ። የእንዶድ ጥያቄ ስለዚህ አልተዘጋም። የኮሶም ጥያቄ አልተዘጋም፤ ዛፉ ግን ለጣውላ እየተቆረጠ ነው፣ አወቃቀጡን የሚያውቁት ሰዎችም እያለፉ ነው።

እኔ አሁን አንድ ደብተር ይዣለሁ። ስም አልጽፍበትም። ሰዉ ከፈቀደ የወሰደውን እጽፋለሁ፣ እንዴት እንዳዘጋጀው እጽፋለሁ፣ በስላይዱ ላይ ያየሁትን ከጎኑ አሰፍራለሁ። በየጤና ጣቢያው ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። አንባቢዎቼም ቤታችሁ አያት ካሉ "ለሆድ ትል ምን ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትተዉ። የትኛው ዛፍ ነው፣ በየትኛው ወር ነው የሚለቀመው፣ ጥላ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ የሚደርቀው፣ በስንት ቀን ውስጥ መጠጣት አለበት፣ ለልጅ ስንት ነው፣ ለነፍሰ ጡርስ ለምን አይሰጥም፣ ያመመው ሰው ምን ሲያሳይ ነው የሚቆመው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ልትጠጡት ሳይሆን፣ ነገ በላቦራቶሪ የሚፈትነው ሰው ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።